ሁለቴ የከሸፈ፣ ሦስተኛው ላይ የበቀለ፦ ሳቢያን ውስጥ የአንድ ግቢ ሣር

ድሬዳዋ ውስጥ ሣር ከዘር አይበቅልም የሚል እምነት አለ። ችግኝ ሻጩም፣ አትክልተኛውም፣ ጎረቤትም ይህንኑ ይነግርሃል። "ፀሐዩ ይጨርሰዋል። ከቻልክ በካሬ ገዝተህ አስነጥፍ፣ ካልቻልክ ሲሚንቶ አልብሰው" ነው ምክሩ። እዚህ የምጽፈው ያንን ምክር እውነት ሊያስመስል ጥቂት ስለቀረው አንድ ግቢ ነው። ግቢው ሳቢያን በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ያለች አነስተኛ ፔንሲዮን ነው። ባለቤቷ፣ እትዬ የምላቸው፣ ሁለት ጊዜ ዘርተው ሁለቴም ባዶ መሬት ቀረላቸው። ሦስተኛው ላይ በቀለ። አፈሩ ያው ነው፣ ፀሐዩም ያው ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር የተዘራው ዘር እንኳ አብሮ የተገዛ ነው።

እኔ በአትክልት ሥራ ነው የምተዳደረው። የተጠራሁት ከሁለተኛው ዙር በኋላ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች የምተርከው ከባለቤቷና ከዘበኛው እንደሰማሁት፣ መሬቱ ላይም እንዳየሁት ነው።

ከቤቱ ፊት ለፊት 120 ካሬ ገደማ ክፍት ቦታ አለ። ጥግ ላይ ትልቅ የኒም ዛፍ ቆሟል። በበሩ በኩል ደግሞ በግንቦት እሳት የሚመስል አበባ የሚያወጣው የድሬዳዋ ዛፍ አለ። ቦታው ከቤቱ ወደ በሩ ዘቅዘቅ ይላል። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። 2,000 ሊትር የምትይዝ አንድ ሮቶ አለች። እንግዳው፣ ወጥ ቤቱ፣ ልብስ አጠባው ሁሉ የሚኖረው በእሷ ነው። ይህቺ ሮቶ በኋላ የሥራውን መጠን የወሰነችው እሷ ስለሆነች ከአሁኑ ትታወቅ።

የመጀመሪያው ዘር ከውጭ አገር እህታቸው የላከችው ነበር። ወፍራም ፓኬት፣ ላዩ ላይ ለምለም ሣር የታተመበት። እትዬ ግንቦት ላይ መሬቱን አስቆፍረው ዘሩ፣ ጠዋትና ማታ በጎማ አስጠጡ። በሳምንቱ ብቅ አለ። ግቢው አረንጓዴ ጭጋግ የለበሰ መሰለ። ፎቶም አንስተው ለእህታቸው ላኩ። ሰኔ ሲጋመስ ግን ጫፉ መቃጠል ጀመረ። ውሃ ጨመሩለት። ከዚያ በመደዳ እየተኛ ጭድ ሆነ።

ፓኬቱን አልጣሉትም ነበርና ጀርባውን አነበብኩት። ሦስት ስሞች ነበሩበት፦ ሎሊየም ፔሬኔ፣ ፖአ ፕራቴንሲስ እና ፌስቱካ ሩብራ። ሦስቱም የቀዝቃዛ አገር ሣሮች ናቸው። ቅጠላቸው የሚመቸው አየሩ ከ16 እስከ 24 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ሥራቸው ደግሞ ከዚያም የቀዘቀዘ አፈር ይፈልጋል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ ፀሐይ የመታው ባዶ አፈርማ ከዚያም በላይ ይግላል። ሎሊየም ቶሎ የሚበቅል ዘር ነው፤ ከ5 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል። እትዬን ያስደሰተው አረንጓዴ እሱ ነበር። ሥሩ ግን በዚያ ሙቀት ወደ ታች ሊወርድ አልቻለም። ሥር ሳይኖር ውሃ ቢጨመር ምን ይጠቅማል? እንዲያውም ሞቆ የረጠበ አፈር ሥር ያበሰብሳል። ያ ዘር አዲስ አበባ ቢዘራ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው።

የእህትየው ስጦታ በክፉ አልታሰበም። ብዙ ዘመድ እንዲህ ያለ ፓኬት ይልካል። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ከመላኩ በፊት የጀርባው ጽሑፍ ፎቶ ይምጣ። የሣሩ ስም ከታወቀ የሙቅ አገር ይሁን የቀዝቃዛ አገር ማወቅ የደቂቃ ሥራ ነው።

ለሁለተኛው ዙር እትዬ ራሳቸው አዲስ አበባ ጠይቀው ትክክለኛውን ዘር አገኙ፦ ሁለት ኪሎ ቤርሙዳ። ቤርሙዳ በእጽዋት ስሙ ሲኖዶን ዳክቲሎን ነው፤ ከእኛው ሰርዶ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ይህን ስነግራቸው ትንሽ ቅር አላቸው። "በብሬ ሰርዶ ነው የገዛሁት?" አሉኝ። ለግቢ የሚመረጡት ዓይነቶች ቅጠላቸው ቀጭን፣ ቁመታቸው አጭር እንዲሆን የተመረጡ ናቸው፤ ጽናታቸው ግን የሰርዶ ጽናት ነው። "እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ" ይባላል፤ ማንም ሞተም ኖረም ግን ሰርዶ መብቀሉን አይተውም። ከ27 እስከ 35 ዲግሪ ሲሆን ነው ደስ የሚለው። ለድሬዳዋ ከዚህ የተሻለ የዘር ሣር አላውቅም።

ታዲያ ለምን አልበቀለም? የተዘራው ነሐሴ ላይ ነበር። ዝናብ ያጠጣልኛል ተብሎ። ሐሳቡ ለደጋ ጥሩ ነው። የድሬዳዋ ዝናብ ግን በዓመት 600 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን ብዙው የሚወርደው በጥቂት ከባድ ዶፎች ነው። ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይከርማል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ያመጣውን ጎርፍ ግን የድሬ ሰው አይረሳውም። ግቢ ውስጥም በትንሹ የሚሆነው ያው ነው። የእትዬ ጣሪያ አሸንዳ ውሃውን የሚደፋው በቀጥታ ዘሩ ላይ ነበር።

ማስረጃው በሩ አጠገብ ተገኘ። ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ አጠገብ፣ ግንቡን ተከትሎ፣ እንደ ብሩሽ የጠና ጥቅጥቅ ያለ ሣር በቅሏል። ስፋቱ ከመዳፍ አይበልጥም። ዘበኛው አረም መስሏቸው ሊነቅሉት ነበር። "ጋሼ፣ ተዉት፣ እሱ ነው የእትዬ ሣር" አልኳቸው። የ120 ካሬው ዘር ተጠርጎ እዚያ ተከማችቷል። ይህ ለእኔ ትልቅ ዜና ነበር። ዘሩ ደህና ነው ማለት ነው። ሙቀቱም አይገድለውም ማለት ነው። ዘሩን ያጣነው በውሃ መንገድ ነው።

በውሃ ብቻም አይደለም። የኒሙን ሥር ተከትዬ ሳይ የጉንዳን ቀዳዳ አፍ ላይ የዘር ሽፋን ፍርፋሪ ክብ ሠርቶ ተቆልሏል። ሰማያዊ ነው። የተገዛው ዘር በሰማያዊ ቀለም ተሸፍኖ የሚሸጠው ዓይነት ነበርና ቀለሙ አጋለጣቸው። ሽፋኑን ውጭ ጥለው ዘሩን አስገብተዋል።

ስለ ሽፋኑ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነውና። በሽፋን የሚሸጥ ዘር ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ሽፋን ነው። እትዬ አንድ ኪሎ በ120 ካሬ ሲበትኑ በካሬ 8 ግራም የዘሩ መስሏቸዋል። እውነተኛው ዘር ግን 4 ግራም አካባቢ ነበር። ለቤርሙዳ የሚመከረው በካሬ ከ5 እስከ 10 ግራም ንጹሕ ዘር ነው። ባይጠረግ እንኳ ሳስቶ ነበር የሚወጣው።

ቀሪውን አንድ ኪሎ ከመንካታችን በፊት ሞከርነው። 100 ፍሬ ቆጥረን እርጥብ ሶፍት ላይ ደረደርን፣ በፌስታል ሸፍነን ወጥ ቤት ውስጥ ጥላ ቦታ አስቀመጥን። ቤርሙዳ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። ከሦስት እጅ ሁለቱ በላይ ነጭ ሥር አወጣ። በቂ ነው። ይህ ሙከራ ወጪው ሶፍት ብቻ ነው፤ ዘር ገዝቶ ሳይሞክር ለሚዘራ ሰው ግን ከልቤ አዝናለሁ።

አፈሩንም ፈተንነው። ባዶ ሃይላንድ ውስጥ እስከ ሲሶው አፈር ጨምረን፣ ውሃ ሞልተን፣ በደንብ ነቅንቀን አስቀመጥነው። ወዲያው ወደ ታች የሚዘቅጠው አሸዋ ነው፤ ደለሉ ቆይቶ፣ ሸክላው ደግሞ በማግስቱም አይወርድም። የእትዬ አፈር አብዛኛው ወዲያው ቁጭ አለ። አሸዋማ ነው። "ለሣር አሸዋ ጨምሩበት" ብሎ የመከራቸው ሰው ነበር፤ እንኳን አልጨመሩ። ቀጥሎ ደረቅ አፈር ላይ አቼቶ ጠብ አደረግንበት። ቡልቅ ቡልቅ አለ። ኖራ አለበት። ከተማዋ ራሷ ሲሚንቶ የሚሠራበት የኖራ ድንጋይ ባለባቸው ተራሮች ሥር ናት፤ የቧንቧው ውሃም ከጉድጓድ ስለሚወጣ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። ይህ ዘሩን ከመብቀል አይከለክለውም። በኋላ ግን መልሶ ይመጣል፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የቤርሙዳ ዘር ደቃቅ ነው። በአንድ ግራም ንጹሕ ዘር ውስጥ ከ3,000 ፍሬ በላይ አለ። በሆዱ የያዘው ስንቅ በዚያው ልክ ነው። ሁለት ሴንቲሜትር ከተቀበረ ብርሃን ሳያይ ስንቁ ያልቅበታል። ስለዚህ ከግማሽ ሴንቲሜትር በላይ አፈር መልበስ የለበትም። ችግሩ ያ ግማሽ ሴንቲሜትር ድሬዳዋ ላይ፣ በተለይ ከረፋዱ በኋላ፣ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይደርቃል። ደረቅ ዘር ይታገሳል፤ ወር ቢቀመጥ ምንም አይሆንም። አንዴ ውሃ ጠጥቶ ሥሩ መንቀሳቀስ የጀመረ ዘር ግን ከደረቀ አለቀለት። ጠዋትና ማታ ብቻ ሲጠጣ የሚሆነው ይሄው ነው፦ ጠዋት ይነቃል፣ ቀትር ላይ ይሞታል። የማታው ውሃ የሚደርሰው ለሬሳ ነው። ድሬዳዋ ላይ ሣር ከዘር አይበቅልም የሚባለው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ እስኪበቅል ድረስ በቀን አራት ጊዜ፣ በትንሽ በትንሹ ማጠጣት ያስፈልጋል። አሁን ሮቶዋን እናስብ። አንድ ሚሊሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። ለአንድ ጊዜ ሁለት ሚሊሜትር ይበቃል። 120 ካሬ ቢሆን በአንድ ጊዜ 240 ሊትር፣ በቀን 960 ሊትር ማለት ነው። የሮቶዋ ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ አይታሰብም። ቢቻል እንኳ ደስ አይለኝም። ጎረቤት ጀሪካን ይዞ በሚዞርበት ሰዓት ግማሽ ሮቶ መሬት ላይ ማፍሰስ ልክ አይመስለኝም።

እትዬ መጀመሪያ ሙሉውን ነበር የፈለጉት። ተነጋገርን። ከኒሙ ሥር ያለው ቦታ ጥላ ነው፤ ቤርሙዳ ደግሞ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ካላገኘ ይሳሳል። እዚያ ጠጠር ይፍሰስ፣ አግዳሚ ወንበር ይቀመጥ ተባባልን። በመሐል የእግር መንገድ ወጣ። የቀረው 60 ካሬ ሆነ። እሱንም በሦስት መደብ ከፈልነው፣ እያንዳንዱ 20 ካሬ። አንዱ መደብ በአንድ ጊዜ 40 ሊትር ይጠጣል፤ ሁለት ጀሪካን ነው። በቀን ስምንት ጀሪካን። ይህ ይቻላል። አንዱ በቅሎ ውሃው ሲቀንስለት ሌላው ይዘራል። ይህን ስናገር እትዬ በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆዩና "እንዲህ ከሆነስ እሺ፣ እንግዳዬን ገላ ሳልከለክል" አሉ።

ጊዜውም ተመረጠ። ነሐሴ የጎርፍ ወር ነው። ግንቦትና ሰኔ ለቤርሙዳ ሙቀቱ ባይከብደውም ለአጠጪው ይከብዳል። መስከረም አጋማሽ ላይ ዝናቡ ይቀንሳል፣ አፈሩ ግን እንደሞቀ ነው። ወደ ታኅሣሥ ሌሊቱ ቀዝቀዝ እስኪል ድረስም ሣሩ ሥር ለመስደድ ጊዜ አለው። ሌላው ጥሩ ጊዜ መጋቢት ነው።

መሬቱን ግን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው ያዘጋጀነው፤ ያውም ሆን ብለን። በዶማ 15 ሴንቲሜትር ስንቆፍር ግንበኞቹ የቀበሩት የልስን ፍርፋሪ፣ የሴራሚክ ስባሪ፣ የሲሚንቶ ኬሻ ቁራጭ ወጣ። በካሪዮላ ተጋዘ። ከዚያ የቆየ፣ ሽታው የጠፋ የፍየል ፍግ በወንፊት ነፍተን ከላይኛው አፈር ጋር ቀላቀልን፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲሜትር ውፍረት ያህል። አሸዋማ አፈር ውሃ እንዲይዝ የሚያግዘው እሱ ነው። ደለደልንና ተውነው። ምንም አልዘራንም።

ዘበኛው ግራ ገባቸው። "አቦ፣ መሬቱ ዝግጁ ነው፣ ምን እንጠብቃለን?" አሉኝ። የምንጠብቀው አረሙን ነበር። ፍግና አዲስ የተገለበጠ አፈር በአረም ዘር የተሞላ ነው። የክረምቱ ማብቂያ ዝናብ ያለ ወጪ ያበቅልልናል። በሁለት ሳምንት ውስጥ መደቡ አረንጓዴ ሆነ። ብዙው ፈረምሲሳ የሚሉት ፓርቲኒየም ነበር። ይህ አረም ለከብት አይሆን፣ የሚነካውን ሰው ቆዳ ያሳክካል፤ ስለዚህ በጓንት ነው የምንነካው። ገና በቅጠል ሳለ፣ አፈሩን ሳንገለብጥ፣ በአካፋ ጫፍ ላዩን ላጭተን አነሳነው። በጥልቀት ቢኮተኮት ሌላ የአረም ዘር ወደ ላይ ያመጣ ነበር። ከሥራው ሁሉ አንዱን ብቻ እንድመርጥ ብጠየቅ ይህንን የመጠበቅ ጊዜ እመርጣለሁ። ያልተጠበቀበት ግቢ ሣሩ ሁለት ሴንቲሜትር ሳይሆን አረሙ ጉልበት ይደርሳል፤ አረሙ ሲነቀል ደግሞ ሣሩ አብሮ ይነቀላል።

በዚሁ ጊዜ የአሸንዳው ነገር ተስተካከለ። ውሃው በቱቦ ወደ በርሜል፣ ከበርሜሉ የሚተርፈው ወደ መንገዱ ዳር ቦይ እንዲሄድ ሆነ። መደቦቹም ተዳፋቱን አቋርጠው እንዲተኙ አደረግን፤ በየመሐላቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ 15 ሴንቲሜትር ያህል ወደ መሬት ገብቶ ቆመ። ድንጋዩ ሁለት ሥራ ይሠራል። ጎርፉን ይሰብራል፤ ሰርዶውም ወደ አበባው መደብ እንዳይሻገር ያግደዋል። ቤርሙዳ ከመሬት በላይም በታችም ይሳባል። ድንበር ካልተሠራለት ጽጌረዳ ሥር ገብቶ የሚያወጣው አይገኝም።

ዘሩ የተዘራው ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ ነው። ለ20 ካሬ 320 ግራም ከነሽፋኑ መዘንን፤ ንጹሕ ዘሩ 160 ግራም ይሆናል፣ በካሬ 8 ግራም። ከአንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቀልነው፤ ደቃቅ ዘር ብቻውን ከእጅ እኩል አይወርድም። ድብልቁን ለሁለት ከፍለን ግማሹን በርዝመት፣ ግማሹን በወርድ በተንን። ከዚያ የኮባ ቅጠል ገልብጠን ላዩን በስሱ ዳበስነው፤ ዘሩ ተደበቀ፣ አልተቀበረም። በመጨረሻ ውሃ የተሞላ ትንሽ በርሜል አንከባለልንበት። ዘር አፈርን ካልተጠጋ ውሃ አይጠጣም።

ቀጥሎ የመጣው ኬሻ ነው። ድሬዳዋ ቡናና እህል የሚያልፍባት ከተማ ስለሆነች አሮጌ የጆንያ ኬሻ ማግኘት አይቸግርም። ተተርትሮ፣ ታጥቦ፣ ተነክሮ መደቡ ላይ ተዘረጋ፤ ዳር ዳሩ በድንጋይ ተያዘ። ኬሻው ጥላ ነው፣ እርጥበት ያቆያል፣ የጎማ ውሃ ዘሩን እንዳያንከባልለው ይከላከላል፣ ወፍም ጉንዳንም ያዘገያል። ሽመናው ክፍት ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል። የላስቲክ ማዳበሪያ ከረጢት ግን አይሆንም፤ ውሃ በደንብ አያሳልፍም፣ ከሥሩ ያለውንም ይቀቅላል።

ማጠጣቱ የዘበኛው ሥራ ሆነ። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ረፋድ 4 ሰዓት፣ ከሰዓት 7 ሰዓት፣ መጨረሻ 10 ሰዓት። ከ10 ሰዓት በኋላ አይጠጣም፤ ሌሊቱን እርጥብ ሆኖ ያደረ ቡቃያ በሻጋታ ይያዛል። ጋሼ ሰዓቱን ያወቁት በስልክ ሳይሆን በኬሻው ነው። እጃቸውን ከሥሩ ሰደድ አድርገው አፈሩን በጣታቸው ይነካሉ። ከጣት የሚጣበቅ ከሆነ ይተዉታል። ዱቄት ከሆነ ያጠጣሉ። ደመናማ ቀን አንዱን ዙር ይዘሉታል። ይህን ማንም አላስተማራቸውም። በአንድ ሰው እጅ የተያዘ ሥራ ስለነበር ነው የተሳካው። ሦስት ሰው እየተቀባበለ የሚያጠጣው መደብ አንድ ቀትር መዘለሉ አይቀርም፤ አንድ ቀትር ደግሞ ይበቃል።

ጉንዳኑን በተመለከተ መርዝ አልተጠቀምንም። የቀዳዳውን አፍ አገኘን፤ አጠገቡ የተከካ ማሽላ በየማለዳው ጥቂት ጥቂት ደፋንላቸው። በቅርብ ያለውን ይዘው ገቡ። ዘሩ እስኪበቅል ያለውን ጊዜ በዚህ አለፍነው።

ኬሻውን የምናነሳበት ቀን ዋናው ጭንቀት ነበር። ዘግይቶ ከተነሳ ቡቃያው በሽመናው ውስጥ ይወጣና ሲነሳ ይነቀላል። ቀድሞ ከተነሳ ይደርቃል። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ጥጉ በየቀኑ ይገለጥ ነበር። በመጀመሪያ የሚታየው ቅጠል አይደለም። አፈሩን በቅርብ ስታየው ከፀጉር የቀጠነ ነጭ ክር ቆሟል፤ ከግርጌው ገና የሰማያዊው ሽፋን ቅንጣት አለች። በማግስቱ ክሩ አረንጓዴ ይይዛል። ሲሶው እንዲህ ሲሆን ኬሻው በማታ ተነሳ። በማታ መሆኑ ግዴታ ነው፤ ከጥላ የወጣ ቡቃያ የመጀመሪያ ሰላምታው የቀትር ፀሐይ መሆን የለበትም።

ከዚያ ውሃው እየራቀ እየበዛ ሄደ። አራቱ ጊዜ ሦስት ሆነ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ በቀን አንዴ ግን ጠለቅ ያለ። ሥር ውሃን ተከትሎ ነው የሚወርደው። ሁልጊዜ ላዩን ብቻ የሚረጥብ ሣር ሥሩ ከላይኛው አፈር ውስጥ ይቀራል፤ አንድ ፈረቃ ሲዘገይ ይጠወልጋል። ሁለተኛው መደብ የተዘራው የመጀመሪያው በቀን ሁለቴ ላይ ሲደርስ ነበር፤ ያው ኬሻ ታጥቦ ተዘረጋበት።

የመጀመሪያው አጨዳ አምስት ሴንቲሜትር ሲያልፍ ነው። ማጭድ እንዳይነካው ብዬ ነበር፤ ማጭድ ይጎትታል፣ ለጋ ሥር ደግሞ አብሮ ይወጣል። በአጥር መቀስ ተከረከመ፣ ከቁመቱ ሲሶው ብቻ። ቤርሙዳ ሲቆረጥ ወደ ጎን ይሳባል። ከዚያ በኋላ ነው ባዶው ቦታ መሸፈን የጀመረው። ፍየልም ሞከረችን፤ የበሩ ነገር ለዘበኛው ተነገረ።

ማዳበሪያ የሰጠነው ሁለት ጊዜ ከታጨደ በኋላ ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ለ20 ካሬ 100 ግራም፣ ሁለት እፍኝ የማይሞላ። በዛ ካለ ያቃጥላል። ደግሞም እንዲህ ኖራ በበዛበትና በሞቀ አፈር ላይ ዩሪያ ላዩ ላይ ከቀረ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይበንናል፤ ብር ነው የሚበነው። ስለዚህ በደረቅ ቅጠል ላይ በትኖ ወዲያው በውሃ ማውረድ ነው።

የኖራው ነገር እመለስበታለሁ ያልኩት እዚህ ነው። ኅዳር ላይ እትዬ ደወሉ። "ሣሩ ቢጫ ሆነ፣ ዩሪያ ልጨምርበት?" አሉ። ፎቶ ላኩልኝ። ቢጫ የሆነው አዲሱ ቅጠል ነበር፣ ደም ሥሩ አረንጓዴ እንደሆነ፤ አሮጌው ቅጠል ደህና ነው። ናይትሮጅን ሲያንስ መጀመሪያ የሚገረጣው አሮጌው ነው። ይህኛው የብረት እጥረት ነው። ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ኖራው ይዞት ሣሩ ሊያገኘው አልቻለም። ዩሪያ ቢጨመር ያባብሰው ነበር። የብረት ሰልፌት 5 ግራም በአንድ ሊትር ውሃ ተበጥብጦ ማታ ቅጠሉ ላይ ተረጨ፣ ከጥቂት ቀን በኋላም ተደገመ። አረንጓዴው ተመለሰ። ይህ መድኃኒት የመንገዱን ኮንክሪት በዝገት ቀለም ስለሚበክል ዳር ዳሩን በካርቶን ከልለን ነው የረጨነው። በየጊዜው መደገሙ አይቀርም፤ አፈሩ አይለወጥምና።

አሁን ሁለቱ መደቦች፣ 40 ካሬው፣ ተሸፍነዋል። አንድ ጥግ ላይ፣ ከኒሙ ጥላ ጫፍ፣ እንደሳሳ ነው፤ የሚሻሻል አይመስለኝም፣ ጠጠሩን ወደዚያ መግፋት ይሻላል። በደረቁ ወቅት ሣሩ በቀን በአማካይ 4 ሚሊሜትር ያህል ይፈልጋል፤ ለ40 ካሬ 160 ሊትር ነው። ግማሹ የሚሸፈነው ከልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ነው። የመጀመሪያው የሳሙና ውሃ አይደፋበትም፤ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ብቻ።

ሦስተኛው መደብ አልተዘራም። ጥር ላይ ግቢው ለሠርግ ተከራይቶ ነበርና ድንኳኑ የሚተከለው እዚያ ላይ ነው፤ የድንኳን ካስማና የእንግዳ ጫማ ያለበት ቦታ ላይ ቡቃያ አይቀመጥም። መጋቢት ላይ ይዘራል። የቀረው ዘር ከሩብ ኪሎ ከፍ ይላል፤ ክዳን ባለው ማሰሮ ተደርጎ ቤት ውስጥ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ተቀምጧል። ሙቀትና እርጥበት ዘር ያስረጃሉ። ስለዚህ የካቲት መጨረሻ ላይ እንደገና 100 ፍሬ ሶፍት ላይ ይደረደራል። ከ60 በላይ ከበቀለ በዚያው መጠን እንዘራለን። ከ60 በታች ከሆነ ግን የመደቡን ስፋት እንቀንሳለን፤ ወይም ከበቀሉት መደቦች ዳር የተሳበውን ሐረግ ቆርጠን በየአንድ ስንዝሩ እንተክላለን። እትዬ ሁለተኛውን ነው የመረጡት፤ ጋሼ ግን በዘር ይሁን ብለዋል፣ ኬሻውንም አጥበው አስጥተውታል።